ከደቻቱ በፊት የራሳችን ቦይ፦ የ84 ሜትር ሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ 16 ቀን 2015

ፋሲካና ዒድ አልፈጥር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለዋሉ ስብሰባችን ሁለት ጊዜ ተላልፎ ነበር፤ ዛሬ ግን የእድሩም የአፎሻውም (በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ እንደ እድር ያለው መረዳጃ ማኅበር) ሰው ተሟልቶ በእድሩ ቤት ተሰበሰብን። ንግግሩ እንደ ወትሮው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሲቀባበል ቆየ፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሳይጠየቅ እየተረጎመ ስለሚያስረዳ፣ ስብሰባው ቢረዝምም ያልገባው ሰው አልነበረም። በቀበሌው ምክር ቤት የዚህን መንደር ነዋሪዎች እንደምወክል የሚያውቁ ሰዎች በመጀመሪያ ያነሡት ሁላችንም የምናውቃቸውን ጉዳዮች ነው፦ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ መቆየቱን፣ የቦኖው ውሃ በሚመጣበት ቀን የሚፈጠረውን ሰልፍ፣ ለሠርግ የሚተከል ድንኳን መንገዱን ጨርሶ መዝጋቱን። የመብራቱን ጉዳይ በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለእድሩና ለአፎሻው እንዲያሳውቅና አንድ ባጃጅ የሚያሳልፍ ቦታ እንዲተው ተስማምተን አለፍን።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ከመንደሩ ታችኛው ጫፍ የሚኖሩ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ ለደቻቱስ ግንብ ተሠርቶለታል። በእኔ በር ሥር ለሚገባው ውሃ ግን እስከ ዛሬ ማን ምን ሠራለት?» አሉኝ። ደቻቱ ከተማችንን ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ነው። በመጋቢት መጨረሻ በጣለው የበልግ ዝናብ የእሳቸውን ጨምሮ አራት ቤቶች ውሃ ገብቶባቸው ነበር። ፍራሻቸው ለሦስት ቀን አጥር ላይ ተሰጥቶ አይቼ «ክረምት ሳይገባ እንነጋገርበታለን» ብዬ ያለፍኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ መቅረቡ ትክክል ነበር። ሌላውን አቆይተን የመንደሩን ቦይ ክረምት ሳይገባ እንድንሠራ እዚያው ሐሳብ አቀረብኩ፤ ሁሉም ተስማማ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ገንዘቡን ወይም ጉልበቱን የሰጠ ሰው ሁሉ ሥራው የት እንደ ደረሰ እንዲያውቅ ነው።

ሚያዝያ 18

በድሬዳዋ ስለ ጎርፍ ሲነሣ የሁሉም ሐሳብ ወደ ደቻቱ መሄዱ ተገቢ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ሌሊት፣ ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ውሃው የሚመጣባቸው በደንገጎና በሐረማያ በኩል ያሉት ከፍታዎች ግን 2,000 ሜትርን ያልፋሉ፤ በመሆኑም እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ እላይ የጣለው ዝናብ፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመውን ወንዝ ድንገት ይሞላዋል። ያንን መመከት የአንድ መንደር ሥራ አይደለም፤ የተራራውን ደን፣ የወንዙን ግንብና የማስጠንቀቂያውን ሥርዓት የሚመለከት ሰፊ ጉዳይ ነው።

በየዓመቱ ፍራሻችንን የሚያርሰው ውሃ ግን ከደቻቱ ወጥቶ የሚመጣ ሳይሆን ወደ ደቻቱ የሚሄድ ውሃ ነው። ከራሳችን ጣሪያ ይነሣል። በዚህች 84 ሜትር በምትረዝም መንገድ ግራና ቀኝ 38 ቤቶች አሉ፤ የእያንዳንዱን ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር ብለን ብንወስድ፣ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለ ቀን ከቆርቆሮው ብቻ 68 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ይህን ስሌት በእድሩ ቤት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ተመለከተው። ከዚራ በባቡሩ ዘመን በቀጥታ መስመር ተቀይሶ የተሠራ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀድሞ ቤቱ ኋላ መጣ፤ በመጋላ በኩል ባለነው ዘንድ ግን ብዙ ቦታ ቤቱ ቀድሞ መንገዱ በተረፈው ቦታ ተጣመመ፤ ቦዩም አብሮት ተጣመመ። የራሳችንን ጣሪያ ውሃ በሥርዓት ማውረድ ግን የማንንም ፈቃድና በጀት የሚጠብቅ አይደለም የሚል እምነት አለኝ፤ ሥራውንም በዚህ እምነት ጀምረናል።

ሚያዝያ 22፣ እሑድ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን እስከ 3 ሰዓት ቦዩን ጠረግን። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ስለማያሠራ የሥራ ሰዓታችንን በዚሁ ወስነናል። ዶማ፣ አካፋና ባሬላ ከየቤቱ መጣ፤ ሁለት ዲጂኖ ከአንድ ግንበኛ ጎረቤታችን ተዋስን። እናቶች ሻይና ሳንቡሳ አቀረቡ።

ሱቁ ፊት ለፊት ደለሉ ከጉልበት በላይ ነበር። አካፋው በቀጥታ ሲቆርጠው ግድግዳው ላይ የታየኝን ልጽፍ እፈልጋለሁ፦ ከታች ጥቁር ጭቃ፣ በላዩ የጣት ውፍረት ያለው ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩ የተጣበቀ ፌስታል፣ ደግሞ ጭቃ፣ ደግሞ አሸዋ፣ ደግሞ ፌስታል። አምስት ጊዜ ተደራርቦ ቆጠርኩት። አብሮኝ የሚቆፍረው ወጣት፣ «እያንዳንዱ የአንድ ክረምት ነው ማለት ነው» አለኝ፤ ትክክል ይመስለኛል። ፌስታሉ አብዛኛው የጫት መያዣ ነው። ገራባውን (የጫቱን ትርፍራፊ) ፍየሎቻችን ለቅመው ስለሚጨርሱት ከቦዩ ውስጥ እምብዛም አላገኘንም፤ የሚቀረው ፌስታሉ ነው፤ ፌስታሉ አሸዋውን ይይዛል፤ አሸዋው ደግሞ ቀጣዩን ፌስታል። በአንድ ጠዋት 57 ማዳበሪያ ደለልና ቆሻሻ አወጣን። ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና እስኪመጣ ድረስ ማዳበሪያዎቹን ከመንገዱ ጥግ አስፋልቱ ዳር ደርድረናቸዋል።

ሚያዝያ 25

ቦዩ ከተጠረገ በኋላ ሁለት ጀሪካን ውሃ ከላይ አፈሰስን፤ ውሃው ሱቁ ጋ ደርሶ ቆመ። ደለል የለም፤ ቆሻሻ የለም፤ ውሃው ግን አልሄደም።

በዚህ ጊዜ ነው የግንበኛው ጎረቤታችን የላስቲክ ውሃልክ የመጣው። ውሃ የተሞላ፣ የሚያሳይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው፤ በውስጡ አረፋ ከሌለ፣ ሁለቱ ጫፎች የቱንም ያህል ቢራራቁ ውሃው በሁለቱም በኩል በአንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። እኔ ላይኛውን ጫፍ ይዤ፣ እሱ በየስድስት ሜትሩ ወደ ታች እየወረደ፣ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ከምልክቱ እስከ ቦዩ ወለል ያለውን ቁመት ለካ። አንድ ጊዜ በቱቦው ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አረፋ ስለነበረች ሦስት ልኬት ጥለን እንደ ገና ጀምረናል።

ውጤቱ የሚከተለው ነው። ከመንገዱ ላይኛ ጫፍ እስከ ዋናው የጎርፍ መውረጃ ድረስ 1 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት አለ፤ ይህም በአማካይ በሜትር 1.4 ሳንቲ ሜትር ማለት ስለሆነ በቂ ነው። ነገር ግን ከላይ 31ኛው ሜትር ላይ፣ ማለትም ሱቁ ፊት፣ የቦዩ ወለል ከ42ኛው ሜትር በ9 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለ11 ሜትር ያህል ውሃው ዳገት እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ምክንያቱን በዲጂኖ ስንፈትሽ፣ ከ42ኛው ሜትር ጀምሮ በአሮጌው ወለል ላይ ሌላ የሲሚንቶ ወለል በጥገና ጊዜ ተደርቦበት አገኘነው። ማን እንደ ደረበው የሚያስታውስ የለም፤ መርምሮ ጥፋተኛ መፈለግም አይጠቅመንም።

ይህን ልኬት በዝርዝር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ላለፉት ዓመታት ታችኞቹ ቤቶች «ላይኞቹ ቆሻሻ እየጣሉብን ነው»፣ ላይኞቹ ደግሞ «ታችኞቹ ቦዩን ዘግተውት ነው» እየተባባሉ ሰላምታ እስከ መቀነስ የደረሱ ነበሩ። ሁለቱም በከፊል እውነት ነበራቸው፤ ዋናው ጥፋት ግን የሰው ሳይሆን የወለሉ ነበር። ዛሬ ማታ ሁለቱንም ወገኖች ጠርቼ የእርሳሱን ምልክት በአንድነት አሳየኋቸው። ከንግግር ይልቅ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ አሳመናቸው።

ሚያዝያ 29፣ እሑድ

የዛሬው ሥራ በአካፋ የሚሠራ አልነበረም። በ55ኛው ሜትር ላይ የሚኖር የባጃጅ ባለቤት፣ ባጃጁን ወደ ግቢ ለማስገባት ቦዩን በኮንክሪት ደፍኖ ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ አስቀብሯል። ቦዩ 30 በ45 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ያ ቱቦ የሚያሳልፈው ከቦዩ አፍ ስምንተኛ ያህሉን ብቻ ነው። መሰበር አለበት። ሰውዬው ግን ያሠራው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ባጃጁም የቤተሰቡ እንጀራ ነው፤ ውጭ ካደረ ይሰረቅብኛል ብሎ መፍራቱም ተገቢ ነው።

ከእድሩ ሊቀመንበርና ከአፎሻው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄደን ቡና ተፈልቶልን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። «አቦ፣ እኔ እኮ የሰው ቤት ውሃ ይግባ ብዬ አይደለም» አለ፤ ማንም እንደዚያ አላሰበም። የተስማማነው፣ አሮጌው ኮንክሪት እንዲሰበር፣ በምትኩም ፌሮ ያለበት፣ እየተነሣ የሚጸዳ ሦስት ቁራጭ ሶሌታ (የኮንክሪት ክዳን) በመንደሩ መዋጮ እንዲሠራለት፣ ሶሌታው እስኪጠነክር ድረስ ባጃጁ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዲያድር ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያለ ክፍያ ፈቅዷል። ይህ ስምምነት ባይደረስ ኖሮ ከላይ የምንሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ አንድም ድንጋይ ባይነሣም ትልቁ የሥራ ቀን አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ግንቦት 4

ለሥራው 30 ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። ግማሹን ሊሰጥ ቃል የገባልን መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጥቶናል። ደብዳቤያችን ተመዝግቦ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ተመርቷል፤ ክረምቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። የእድሩና የአፎሻው አመራሮች ተነጋግረው ከየሣጥናቸው እኩል አውጥተው 20 ከረጢት እንዲገዛ ወሰኑ። የእድር ገንዘብ ለቀብርና ለኀዘን የተቀመጠ ስለሆነ ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ ቃል የተገባው ሲሚንቶ ሲመጣ የሚተካ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። እኔም ተከታትዬ ለማስፈጸም ፈርሜያለሁ።

አሸዋው ከወንዙ የሚመጣ ስለሆነ መፈተሽ ነበረበት። በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ጨምረን፣ ውሃ ሞልተን፣ በደንብ አናውጠን አሳደርነው። ጠዋት ላይ አሸዋው ከታች፣ አፈሩ በላዩ ቡናማ ልባስ ሆኖ ተለይቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ጭነት 1.5 ሳንቲ ሜትር አፈር ስለነበረበት መለስነው። አፈር የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን ስለሚያዳክመው በሁለት ክረምት ይፈረካከሳል። ሁለተኛው ጭነት ግማሽ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ አፈር ብቻ አሳየ፤ ተቀበልነው። ጫኙ በመጀመሪያ ቅር ቢለውም ፕላስቲኩን ሲያይ አልተከራከረም።

ግንቦት 13፣ እሑድ

የተደረበው ወለል ተሰብሮ ወጥቷል። ከ31ኛው እስከ 58ኛው ሜትር ያለው 27 ሜትር እንደ አዲስ ይሠራል፤ ሌላው ተጠርጎና ተለስኖ ይበቃዋል። ዛሬ ወለሉን ጨርሰን የጎኑን ግንብ ልስን ጀመርን።

ግንቦት 16

ያጠፋሁትን እጽፋለሁ። እሑድ 3 ሰዓት ሲሆን ግንበኛው ሥራው እንዲቆም አሳስቦ ነበር፤ እኔ ግን የሰው ብዛት አይቼ፣ ይህን ያህል ጉልበት ደግሞ መቼ ይገኛል ብዬ፣ እስከ 6 ሰዓት እንድንቀጥል ጠየቅሁ። በዚያ ፀሐይ የተለሰነው 9 ሜትር በውስጡ ያለው ውሃ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ተነነ። ሰኞ ደግሞ የቦኖው ተራ የእኛ ስላልነበረ የምናጠጣው ውሃ አልነበረንም። ዛሬ ጠዋት ልስኑ በሙሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ በጣት ሲነካ እየተነሣ ነው። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶና የ14 ሰው የግማሽ ቀን ድካም ጠፋ። ለእድሩም ለአፎሻውም በአካል ቀርቤ ኃላፊነቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬአለሁ፤ የሁለቱን ከረጢት ዋጋም ከፍያለሁ።

ከአሁን በኋላ ሥራ የሚጀመረው አራት በርሜል ውሃ ተሞልቶ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ልስኑ እንዳለቀ እርጥብ ኬሻ ይለብሳል፤ ለሰባት ቀንም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይጠጣል። የማጠጣቱን ሥራ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በፈቃዳቸው ተረክበው ተራቸውን በደብተር ጽፈዋል።

ግንቦት 28

የተበላሸው 9 ሜትር ተጠርቦ እንደ ገና ተለስኗል፤ ስንጥቅ የለውም። ልጆቹ አንድ ተራ እንኳ አላጓደሉም። አንዷ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ኬሻውን ስታረጥብ አይቼ ለእናቷ ምስጋናዬን አድርሻለሁ።

ሰኔ 11፣ እሑድ

የባጃጁ ሶሌታዎች በካሳፎርማ ከተሞሉ 14 ቀን ሞልቷቸው ዛሬ ተቀመጡ። እያንዳንዳቸው በሁለት ወገን የብረት መያዣ ስላላቸው አራት ሰው ያነሣቸዋል። ቃል የተገባው ሲሚንቶም 10 ከረጢት ብቻ ሆኖ ደርሷል፤ የቀረውን እየተከታተልኩ ነው። የመብራቱ ማመልከቻ ተቀባይነት ማግኘቱ ተነግሮኛል፤ መብራቱ ግን አልበራም።

ሐምሌ 9፣ እሑድ

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የቆርቆሮው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ከእኔ በፊት የወጡ ስድስት ሰባት ሰዎች በየበሩ ቆመው ነበር። ውሃው ከላይ መጥቶ ሱቁ ጋ ደረሰ፤ ሁላችንም እዚያው ቦታ ላይ ባትሪያችንን አበራን፤ ሳይቆም አለፈ። ከቦዩ ጥልቀት ሁለት ሦስተኛውን ይዞ፣ ቀላ ብሎ፣ በሶሌታው ሥር ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ። አንድ ሰው «አልሐምዱሊላህ»፣ ሌላው «ተመስገን» ሲል ሰማሁ።

ነገር ግን 62ኛው ሜትር ላይ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት፣ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ድሮ ውሃው እላይ እየቆመ በዝግታ ስለሚደርስ እዚያ ችግር አልነበረም፤ አሁን ፍጥነት ስላገኘ መታጠፊያው ላይ የውጭውን ግንብ ዘልሎ ወደ አንድ ቤት ደጃፍ ይረጫል። ያ ቤት ከዚህ በፊት ውሃ ገብቶበት አያውቅም። በአሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ደርድረን ለሌሊቱ አቆምነው፤ ደረጃውን ቢያርስም ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ለባለቤቷ በሁላችንም ስም ይቅርታ ጠይቄ፣ በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚስተካከል ቃል ገብቻለሁ።

ሐምሌ 12

ተስተካክሏል። በመታጠፊያው የውጭው ግንብ ለሦስት ሜትር ያህል በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ሹል የነበረው ማዕዘንም ድንጋዩ ተጠርቦ ክብ ሆኗል። ሐሳቡ የግንበኛው ነው፤ ውሃ ማዕዘን ሲገጥመው ይዘላል፣ ክብ ሲገጥመው ይታጠፋል ብሎ በጣቱ አሸዋ ላይ ሥሎ አስረዳን። ቦዩ ዋናውን መውረጃ በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ደግሞ ፌስታል የሚያስቀር የብረት ፍርግርግ ተገጥሟል። ፍርግርግ ካልተጠረገ ራሱ መዝጊያ ስለሚሆን፣ በክረምቱ ወራት በየጠዋቱ የሚጠርጉት ሁለት ሁለት ሰዎች ለሳምንት ለሳምንት ተመድበዋል። የጫት ሻጮቹ ደንበኞቻቸው ፌስታሉን የሚጥሉበት በርሜል በሱቁ በር ላይ በራሳቸው ወጪ አስቀምጠዋል።

ሐምሌ 30፣ እሑድ

ያ የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት 17 ዓመት ሞላው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱትም፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁርኣን ያስነበቡትም በመንገዱ ላይ ተገናኝተው እርስ በርስ ሲጽናኑ ነበር።

ከሐምሌ 9 ወዲህ አራት ጊዜ ጠንከር ያለ ዝናብ ጥሏል፤ በመንደሩ ውሃ የገባበት ቤት የለም። ታችኛው ጫፍ ያሉትን እናት ዛሬ ስጠይቃቸው በራቸው ሥር ሸጉጠውት የነበረውን አሮጌ ብርድ ልብስ አንሥተው አጥበው እንዳሰጡት አሳዩኝ።

የቀረው ሥራ ይህ ነው፦ ዋናው መውረጃ ከእኛ ቦይ አፍ በታች 40 ሜትር ያህል በደለል ተሞልቷል፤ የእሱ ጥገና የከተማው አስተዳደር ስለሆነ ከልኬቱ ጋር ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባም አነሣዋለሁ። አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ለእድሩና ለአፎሻው ገና አልተተካም። የወፍጮ ቤቱ መብራት አልበራም። ከነገ ነሐሴ 1 ጀምሮ ያለው የፍርግርጉ ሳምንት ተራ የእኔና የባጃጁ ባለቤት ነው፤ 12 ሰዓት ላይ ቦዩ አፍ ላይ እንገናኛለን።